ባትሪው ነው

ሴትዮዋ አሮጌዋን ባትሪ ከልብ ምት መቁጠሪያው ሆድ ፈልቅቃ አወጣችና አዲሷን ገልብጣ፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠቻት። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። እንግዳ ሰው ቢያያት ተሳሳተች ይል ነበር። አልተሳሳተችም። የልብ ምት መቁጠሪያ ባትሪው ወጥቶለትም ቢሆን የድሮውን ነገር ቶሎ አይለቅም፤ ከውስጡ የቀረች ጭላጭ ኃይል ይዞ ያኮርፋል፣ አዲሷን አልቀበልም ይላል። ባትሪዋ ለጥቂት ትንፋሽ ተገልብጣ ስትቀመጥ ያቺ ትራፊ ተሟጣ ታልቃለች፤ ያን ጊዜ ሁሉን ይረሳል። ሌላ ቀን ቢሆን «ሰውም እንዲህ ቢሆን ስንቱን ገልብጬ ባስቀመጥኩት!» ትላለች፤ የክለቡ ብስክሌተኞችም ይስቁላታል።

ዛሬ የሚስቅላት አልነበረም። ማለዳ ነው፤ አዳራሹ ገና አልተከፈተም። ባትሪዋን አቃናቻት፤ ላብ እንዳይገባ የምትከለክለውን የጎማ ቀለበት በጥፍሯ እየጫነች በቦታዋ አስተኛቻት፤ ክዳኑን በሳንቲም ጠርዝ አዙራ ዘጋችው። ደህና ባትሪ ዓመት ያገለግላል። ለዚህ መቁጠሪያ ግን በዚህ ወር ብቻ ይህች ሦስተኛዋ ናት። መቁጠሪያው የፌንጣ ነው፤ ፌንጣ ደግሞ የሟች እህቷ ልጅ፣ ጡት ከጣለች ጀምሮ እሷው ያሳደገቻት ናት።

ክለቡ ውስጥ ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ እትዬ ባትሪ ናት። የምትሠራበት የዕቃ ክፍል ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር የተወሸቀ፣ ጎማና የደረቀ ላብ የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። ሰው ደረጃውን በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያው ከጭንቅላቷ በላይ ይንኳኳል። ግድግዳው ላይ የደረት ቀበቶዎች በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል፤ እንዳይደባለቁ በየጫፋቸው የተለያየ ቀለም ያለው ክር ሰፍታባቸዋለች፤ የፌንጣ ቀይ፣ አብራት የምትሠለጥነው፣ ረጅሟ የሚሏት ልጅ ደግሞ ቢጫ። ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ካቻቢቴ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የወጡ ባትሪዎች የሚጠራቀሙበት የማርማላታ ብርጭቆ አለ። በዚህ ዘመን ብስክሌተኛ ያለ ቁጥር አይነዳም። ደረቱ ላይ የልብ ምት መቁጠሪያ ያስራል፣ ፔዳሉ ክንድ ላይ ዙር ቆጣሪ፣ ጎማው እምብርት ላይ ፍጥነት ለኪ፤ ሁሉም የለቀሙትን መሪው ላይ ወዳለው ስክሪን ያለ ሽቦ ይልካሉ፤ ሁሉም ሳንቲም የምታህል ባትሪ ይበላሉ። የምታበላቸው እሷ ናት።

«ባትሪው ነው» የሚባለውንም ነገር ያመጣችው እሷው ናት። ባትሪ ሲደክም ቁጥሩ ያብዳል። ቁጭ ያለው ሰው ሁለት መቶ ይመታል፣ አቀበት የሚወጣው አርባ ላይ ይወርዳል። አዲስ የመጡ ልጆች ስክሪናቸውን ሲያዩ ሊሞቱ የደረሱ ይመስላቸውና ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ ዕቃ ክፍሉ ይሮጣሉ። «አይዞሽ፣ ልብሽ አይደለም፣ ባትሪው ነው» ትላለች፤ ቀይራ ታሳያለች፤ ቁጥሩ ይሰክናል፣ ልጆቹም ይሰክናሉ። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ የክለቡ መሳቂያ ሆነ። ዘግይቶ የመጣ፣ ባትሪው ነው። እጮኛው የተወችው፣ ባትሪው ነው። የአሰልጣኙ ጸጉር ከመሃል የሳሳ ጊዜ እንኳ አንዱ ከኋላ ወንበር «ባትሪው ነው» ብሎ መኪና ሙሉ ሰው፣ አሰልጣኙ ራሱ ጭምር፣ እንባው እስኪወርድ ስቋል።

ቀበቶውን ከውስጥ በኩል በውሃ አርሳ ከቀሚሷ ሥር ደረቷ ላይ አሠረችው። የቀየረችውን ሁሉ በራሷ ሳትሞክር አትሰጥም፤ በክለቡ ያለ መቁጠሪያ ሁሉ መጀመሪያ የቆጠረው የእሷን ልብ ነው። የፌንጣን ስክሪን አበራችና ከመቁጠሪያው ጋር እንደ አዲስ አስተዋወቀችው። ሰባ ሁለት። ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ባለችበት ረገጥ ረገጥ አለች፤ ቁጥሩ በወጉ ወጥቶ በወጉ ወረደ። መቁጠሪያው ደህና ነው። ፊተኛዋ ባትሪም ደህና ነበረች፣ ከእሷ በፊት የነበረችውም እንደዚሁ። ሁለቱንም በቴስተር ለክታቸዋለች፤ ሙሉ ነበሩ። ሙሉ መሆናቸውን እያየች ነው ብርጭቆው ውስጥ የጣለቻቸው። ባትሪው ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፤ ማወቁን ግን አልፈለገችም።

ፌንጣ ሳታንኳኳ ገባች። ፌንጣ የተባለችው አቀበት ሲመጣ ከኮርቻዋ ዘላ ስለምትነሣ ነው፤ ሌላው ሲያጎነብስ እሷ ትዘላለች። ዛሬ ጸጉሯን አጥብቃ ተጎንጉናለች፣ የክለቡን ማልያ ለብሳለች፣ ዓይኗ ግን እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል።

«አለቀ?»

«አልቋል። ነይ እሰሪው።»

አሠረችው። ቆማ ሳለች ስልሳ ስምንት አለ። ሴትዮዋ በአገጯ ጣሪያውን አመለከተች።

«እስኪ ደረጃውን በሩጫ ወጣ ወረድ በዪ።»

«ለምን?»

«በዪ ስልሽ።»

የልጅቷ እግር ከራሷ በላይ ድው ድው ሲል፣ ሲርቅ፣ ሲመለስ ሰማች። ፌንጣ በሩ ላይ ስትደርስ ስክሪኑ መቶ አሥራ ስምንት አለ። መቶ ሃያ። ከዚያ ሁለት መቶ አምስት። አርባ ስድስት። መቶ ሰባ። ሴትዮዋ የረጅሟን ቀበቶና ስክሪን ከግድግዳው አወረደች፣ በቀዩ ምትክ አሠረችላት፣ እንደገና ደረጃውን አስወጣቻት። የረጅሟም መቁጠሪያ አበደ።

ሁለት መቁጠሪያ በአንድ ማለዳ አያብድም። «ጠጋ በዪ» አለችና ጆሮዋን በልጅቷ ደረት ላይ ለጠፈች። ሕፃን ሳለች ትኩሳት ሲይዛት እንዲህ ታደርግ ነበር። ልቡ ሁለቴ ይመታል፣ ዝም ይላል፤ የት ሄደ ስትል፣ በጨለማ ደረጃ ላይ እግሩ እንደሳተው ሰው ተንደርድሮ ይመጣል። ጆሮዋን ቶሎ አላነሣችም። ብታነሣ ልጅቷ ፊቷን ታየዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ፌንጣ ወለሉን አየች። «ቆየ። ከአቀበት በኋላ ነው የሚመጣብኝ። እንደ ዓሣ ይገላበጣል፣ ከዚያ ይተወኛል። አንዳንዴ ዓይኔን ያጨልመዋል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም፣ አንቺ ልጅ?»

«ነግሬሽ ነበርኮ እቴቴ። ባትሪው ነው አልሽኝ።»

ሴትዮዋ ወንበሯን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። እውነቷን ነው። «ቁጥሬ ይዘልብኛል» ብላ የመጣች ቀን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ካቻቢቴዋን እንደያዘች «ባትሪው ነው፣ አስቀምጪው» ብላ ነው የመለሰቻት። ይህችው ልጅ በዚሁ ክፍል የጎማ ካርቶን ውስጥ ተኝታ ነው ያደገችው። ያለቁ ባትሪዎችን እየደረደረች ስትጫወት፣ አንዷን እንዳትውጥ በመፍራት ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከእሷ አትነቅልም ነበር። ያኔ ለአንዲት ባትሪ እንደዚያ የፈራች ሰው አሁን ምን ነካት?

የልጅቷ እናት የሞተችው ልብስ ስታሰጣ ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ አንድ ቀን ራሷን አሟት አያውቅም። ደከመኝ አላለች፣ አመመኝ አላለች፤ የተሰማው የልብሱ ሳፋ ሲወድቅ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ጓዳ ሆና የሳፋውን ድምፅ ሰምታ፣ ድመቷ ናት ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ሐኪሞቹም ልብ ነው ከማለት በቀር የጨመሩት ነገር አልነበረም።

«እናትሽም እኮ...»

«ዛሬ እሷን አታንሺብኝ!» ፌንጣ ተንበረከከችና የአክስቷን ጉልበት ያዘች። «ስሚኝ እቴቴ። ወደ ውጭ የሚሄደውን ቡድን የሚመርጡት መራጮች መጥተዋል። በሚመጣው ዓመት ዕድሜዬ ያልፋል፤ ዛሬ ካመለጠኝ አመለጠኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ምን ሠራሁ? ሌላ ምን አውቃለሁ? ስክሪኔን ከረጅሟ ቀበቶ ጋር አስተዋውቂልኝ። ጎን ለጎን ነው የምንነዳው። ማንም አያውቅም።»

ምን እንደተጠየቀች ሴትዮዋ ከማንም በላይ ገባት። ባትሪ የተቀየረለት መቁጠሪያ ሁሉን ስለሚረሳ ከስክሪኑ ጋር እንደ አዲስ መተዋወቅ አለበት። ስክሪን ደግሞ ዘመድ አይለይም፤ አጠገቡ ያገኘውን ልብ የኔ ነው ብሎ ይይዛል። አንድ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ስታስተዋውቅ የሁለት ልጆች ልብ ተቀያይሮባት፣ አንዱ በሌላው ልብ ሲነዳ ዋለ፤ ተግቶ የነዳው ሰነፍ ተብሎ ተቆጡት፣ ሰነፉ ተመሰገነ። ከዚያ ወዲህ ቀበቶና ስክሪኑን እየያዘች፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ የውሃ ታንከሩ ጋ ሌላ ልብ የለም። ያኔ በስህተት የሆነውን ነው አሁን አውቃ እንድታደርገው የምትለመነው።

«ብትወድቂስ?»

«አልወድቅም። ፈተናው አጭር ነው። ካለፍኩ በኋላ ሐኪም ቤት በገዛ እግሬ እሄዳለሁ። አንቺ ትሙች!»

ሴትዮዋ ይህን መሐላ ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። «ስኳሩን አልነካሁም» ስትልም በዚሁ ነበር የምትምለው፤ ስኳሩ ከንፈሯ ላይ እያለ።

«እሺ» አለች።

ማለቷን ያወቀችው ቃሉን ከገዛ አፏ ስትሰማው ነው። ፌንጣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ያገኘችውን ሁሉ ሳመቻትና የረጅሟን ቀበቶ ፈትታ ከቀዩ ጎን ጠረጴዛው ላይ ትታ እየዘለለች ወጣች። ክፍሉ ውስጥ የልጅቷ የጸጉር ቅባት ሽታ ቀረ።

ጓሮው ውስጥ ከውሃ ታንከሩ ሌላ የተበሳ ጎማ ክምርና ማንም የማይፈልገው የተሰባበረ ወንበር ነው ያለው። ሴትዮዋ ባለ ቢጫ ክሩን ቀበቶ ደረቷ ላይ አሠረች፤ የፌንጣን ስክሪን ፈልግ አለችው። ፈለገ፤ አገኘ። ይህን ልብ ልያዘው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጣቷ ተጫነው። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ። ቁጥሩ ያምራል። ይህን ቁጥር ይዛ ልጅቷ የፈለገችበት ትደርሳለች፤ አውሮፕላን ትሳፈራለች፣ በማታውቀው አገር መንገድ ላይ ሰው ያጨበጭብላታል። አሁን የሚቀረው ስክሪኑን ወስዶ መሪው ላይ መሰካት ብቻ ነው።

አልሄደችም። የታንከሩ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ አንድ የቆርቆሮ ሳፋ ተደፍቷል። ጠብታው ሳፋው ላይ ባረፈ ቁጥር ድው ይላል። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም፤ ሌላ ሰው ልብ አይለውም።

«ድመቷ ናት» አለች ሴትዮዋ ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

ስክሪኑ የያዘውን አስረሳችው። ቢጫውን ፈትታ ቀዩን አሠረች። ፈልግ አለችው፤ ፈለገ፤ ይህን ልብ ልያዘው ወይ አላት። አዎ፣ ይህን ያዝ። ሁለቴ ተጫነችው።

ስትመለስ አሰልጣኙን ከበሩ ላይ አገኘችው። ዛሬ ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ሙሽራ መስሏል።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? የፌንጣ ነገር ተስተካከለ?»

መንገዱ ይኸው ነበር። ሁለት ቃል ብትናገር ነገሩ እዚያው በሩ ላይ ያልቃል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። «ተስተካክሏል» አለች።

«እሷን ነው ዛሬ የማሳያቸው። እርስዎም ከዳር ቆመው ይዩ እንጂ፣ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ዛሬ የእርስዎም ቀን ነው።»

አልፏት ሄደ። ልጠራው አለች፤ አልጠራችውም። ቃሌን አጥፌባታለሁ፣ ምላሴን ደግሞ አላነሣባትም አለች በልቧ፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገር። ሲጀምሩ ቀስ ብለው ነው፤ ቁጥሩ ሲያብድ አሰልጣኙ አይቶ ያስቆማታል፤ ፌንጣም መቁጠሪያውን ትረግማለች እንጂ አክስቷን አትረግምም። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። ፈሪ ሰው መቼም ሒሳብ ሲሠራ ጎበዝ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ቋሚ ብስክሌቶቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ስክሪኖቹ በየመሪው ላይ ተሰክተዋል፣ ቀዩም ቢጫውም ቀበቶ በየባለቤቱ ደረት ላይ ታስሯል፤ የየሰዉ ቁጥር ከስክሪኑ ተወስዶ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በትልቁ ይበራል። መራጮቹ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳና አንዲት ሴት ናቸው፤ ሦስቱም ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ፌንጣ ከኮርቻዋ ላይ ሆና አክስቷን በዓይኗ ፈለገቻትና ጠቀሰቻት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ያልላላ የጫማ ማሰሪያዋን አጠበቀች።

ተጀመረ። መቶ አሥር፣ መቶ ሃያ አምስት፣ መቶ አርባ። የፌንጣና የረጅሟ ቁጥር እንደ እህትማማች እየተጠባበቁ ወጡ። ፌንጣ ግድግዳውን አየት አደረገችና ፈገግ አለች፤ የሰው ልብ ተከናንባ የምትሄድ መስሏታል። ያቺ ፈገግታ የሴትዮዋን አንጀት በላችው። ምነው እውነት በሆነላት አለች፤ ምነው እውነትም የረጅሟ ልብ በሆነ።

አሰልጣኙ ጭነቱን ጨመረ። አቀበቱ መጣ። ሌላው ሁሉ ሲያጎነብስ ፌንጣ ከኮርቻዋ ዘላ ተነሣች፤ መራጯ ሴት ወንበሯ ላይ ወደ ፊት ዘንበል አለች፣ ሽማግሌው መነጽሩን አስተካከለ። መቶ ስልሳ አራት። መቶ ስልሳ ስምንት። ሁለት መቶ ሃያ አንድ። ሃምሳ ሁለት። ሁለት መቶ ዘጠኝ።

ይኸው፣ ቁጥሩ ተናገረ። ሴትዮዋ ትንፋሿን ይዛ አሰልጣኙን አየች። እሱም ግድግዳውን አይቷል። ምላሱን ጠቅ አደረገና ወደ እሷ ዞረ።

«ኧረ እትዬ! ባትሪው ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ትንፋሽ ያጠራቸው ብስክሌተኞች ሳይቀሩ ሳቁ። ሽማግሌው መራጭ «እኛም ጋ ያው ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አሰልጣኙ እጁን አወናጨፈ።

«ግድ የለም፣ ቁጥሯን ተዉትና እግሯን እዩልኝ! በርቺ ፌንጣ! እትዬ በኋላ ይቀይሩላታል።»

ይህን አላሰበችውም። በሒሳቧ ውስጥ ቁጥር ነበር፣ ስክሪን ነበር፣ አሰልጣኝ ነበር፤ ለዓመታት ለሰዎቹ ያስተማረቻቸው ቃል ግን አልነበረም። አሁን ያንኑ ቃል መለሱላት።

ፌንጣ ግድግዳውን አየች። ከዚያ አክስቷን አየቻት። በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ላይ የሚዘለው የገዛ ልቧ መሆኑን አወቀች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እግሯን ሳታቆም፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ባትሪው ነው» አለች። ለአዳራሹ የተናገረች ትመስላለች፤ የምትለምነው ግን አንዲት ሰው ነበር።

ሁሉም ወደ እትዬ ባትሪ ዞሩ። ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃል። ብትነቀንቅ ልጅቷ ማታ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች፤ ወይም ደግሞ ማታ የሚባል ነገር አይኖራትም።

«ባትሪው አይደለም» አለች።

ድምፅዋ ስለቀጠነ ማንም አልሰማትም። «ምን አሉ እትዬ?» አለ አሰልጣኙ፣ ገና እየሳቀ።

«ባትሪው አይደለም! ልቧ ነው! አውርዷት! በፈጠራችሁ አውርዷት!»

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ቀልዱ የቀጠለ የመሰላቸው ነበሩ። አሰልጣኙ ግን ፊቷን አይቶ ሮጠ። ጭነቱን አጠፋው፤ ሁለት ጣቱን የልጅቷ አንገት ላይ አሳረፈ። ቆየ። ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ሁሉም አየው።

«ውረጂ ልጄ» አለ በመጨረሻ።

ፌንጣ አልወረደችም። አንገቷን ደፍታ ጭነት የሌለውን ፔዳል ዝም ብላ ታሽከረክራለች። ጣቶቿን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ ያላቀቀው እሱ ነው። መራጮቹ ወረቀታቸው ላይ አጎነበሱ፤ መራጯ ሴት አንድ መስመር ሠረዘች። ከጎን ረጅሟ እያለቀሰች ትነዳ ነበር፤ ፈተናው አላለቀም።

አሰልጣኙ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳትን መኪና ሊያስነሣ ወጣ። ፌንጣ ቦርሳዋን ልትወስድ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባች፤ ስክሪኗን ከመሪው ነቅላ በእጇ ይዛዋለች። ሴትዮዋ ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ ጠበቀቻት።

«እሺ ብለሽኝ ነበር» አለች ልጅቷ።

«ብዬሽ ነበር።»

«እምቢ ብትዪኝ ምን ነበረበት? ፊት ለፊት እምቢ ብትዪኝ?»

ሴትዮዋ መልስ አላጣችም፤ ያላት መልስ ሁሉ ግን ለራሷ የሚያደላ ሆነባት። «ፈራሁሽ» አለች።

«እኔን?»

«እንዳትጠዪኝ።»

ፌንጣ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣች። ስክሪኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው፤ የማርማላታ ብርጭቆው ተገለበጠና ባትሪዎቹ፣ ያለቁትም ያላለቁትም፣ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። «ከእንግዲህ እቴቴ ብዬ አልጠራሽም» አለች። ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ሆነ። በሩን ከኋላዋ ወርውራ ወጣች።

ሴትዮዋ ባትሪዎቹን ልትለቅም ተንበረከከች። አንዲት አነሣች፤ ሌላዋ ከእጇ አመለጠች፤ ተወቻቸውና አለቀሰች። ለልጅቷ አለቀሰች፣ ለእህቷ አለቀሰች፣ ከአሁን በኋላ ማንም ዘሎ ለማይወጣው አቀበት አለቀሰች። ልጅቷ ብትተርፍም ከእንግዲህ እንዳትነዳ ያደረገቻት እሷ ናት፤ ባትተርፍ ደግሞ ያዘገየችው እሷ ናት። ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ቀና ስትል ስክሪኑ አልጠፋም ነበር። ዘጠና ስድስት ይላል።

ፌንጣ ቀበቶውን ሳትፈታ ነው የወጣችው። ሴትዮዋ የእነዚህን ዕቃዎች አቅም ታውቃለች፤ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይሰሙም። ሰው ከበሩ ወጥቶ ደረጃውን ካለፈ ቁጥሩ ይጠፋና በቦታው ሁለት ሰረዝ ይመጣል። ሰረዙን ጠበቀች። ዘጠና አራት። ዘጠና አምስት። መቶ ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ከዚያ እንደገና ዘጠና አራት። ሰረዙ አልመጣም።

ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ቆማለች።

ድምፅ የለም። የልቅሶም፣ የእግርም። ሴትዮዋ ስክሪኑን ይዛ በጉልበቷ ወደ በሩ ተጠጋች፤ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ይህች ልጅ ስታኮርፍ ምን እንደምትባል ድሮ ታውቅ ነበር፤ በአንዲት ቀልድ ታስቃታለች፣ አለቀ። አሁን ግን ያ «ባትሪው ነው» የሚለው ቀልድ ራሱ ነው ያስፈራት። ከውጭ የአሰልጣኙ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። ዘጠና ሁለት። ዘጠና አንድ።

«አብሬሽ ልምጣ?» አለች ለሳንቃው።

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ቁጥሩ ግን አልሄደም፤ ይዘላል፣ ይመለሳል፣ ይቆያል። ሴትዮዋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የበሩን እጀታ ፈለገች።